የወዳቂ ክር ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ያውም አያቶቻችን ሳይሆኑ እኛው ራሳችን በነበርንበት ወቅት፣ ጥጥ እንደ ቅቤ በተወደደበት፣ ገበያውም እንደታመመ ሰው በተኛበት ዓመት፣ በወሎ ምድር በአንድ ወንዝ ዳር አንድ የክር ፋብሪካ ነበር። መቶ ሃያ ቋሚ ሠራተኛ ነበረው። ሃያ ሁለት ደግሞ የቀን ሠራተኛ፣ ጠራጊና ተሸካሚ። እነዚህን ሃያ ሁለቱን ልብ በሉልኝ። በፋብሪካው ውስጥ ልብ ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይመር እንድሪስ የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማሽን ሲጠግን ጣቶቹ ተጣመዋል፤ ማኅተሙም በእሱ እጅ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ያን ጽሑፍ በኋላ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት እንደነበር ስንቱ ያውቃል!

በዚያ ፋብሪካ ሌላ ቦታ የሌለ ልማድ ነበር። ከማሽን ሥር የሚወድቀውን ብጥስጣሽ ክር ኸዲጃ የምትባል ጠራጊ ዓመቱን ሙሉ ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ቋጥራ ታጠነጥናለች። በአዳራሹ ጥግ አንድ የእጅ ሸማ መሥሪያ አለ። የሠራተኞች ቀን ሲቃረብ ቋሚው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሁሉም ተራ በተራ እየተቀመጠ መወርወሪያዋን ይወረውራል። አንዱ ያጠብቃል፣ አንዱ ያላላል፤ ጋቢው ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኖ ይወጣል። መልክ የለውም። ግን በበዓሉ ዕለት በዕድሜ የገፋው ሠራተኛ አንሥቶ «ዘንድሮ ስለ እኛ የቆመው ይሄ ነው» ይልና ለአንድ ሰው ይደርብለታል። ጋቢውን የደረበ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከአለቃ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፤ አቁሙ ካለ ሁሉም ያቆማል። የሚደርበው ሽማግሌ ደግሞ ይመር ነበር።

እንግዲህ በዚያ ክፉ ዓመት ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከመቶ ሃያው ስድሳው ይሰናበታሉ። በዚያው ሳምንት ለእሱ አዲስ መኪና ገባለት፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ሰዉ ማስታወቂያውን አነበበ፣ መኪናውን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ። የዓምናውን ጋቢ የደረበው ሰው ጡረታ ወጥቶ ነበርና አቁሙ የሚል አልነበረም።

ዘርፌ ማሽን አቆመች። ፈትል ክፍል የምትሠራ፣ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቁጣዋ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት ናት። ማስታወቂያውን አንብባ ስትጨርስ ማብሪያ ማጥፊያውን ቁልቁል መታችው። «ማርያምን! ስድሳ ሰው የሚወጣው እኔን ረግጦ ነው!» አለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ተቀመጠች፤ ቀጥሎ ሽመና ክፍል፣ ቀጥሎ ጥገና። ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ። ሃያ ሁለቱም መጥተው ሊቀመጡ ነበር፤ ዘርፌ ግን «እናንተ ውል የላችሁም፤ ቀድመው የሚበሉት እናንተን ነው። ውጡ» ብላ መለሰቻቸው። ወጡ። ግን ቤታቸው አልገቡም። ዘጠኙን ቀን በአጥር ቀዳዳ ውሃና ቆሎ ሲያቀብሉ ሰነበቱ። በጄሪካን ውሃ የምታመላልሰው ኸዲጃ ነበረች።

ካሳው በር አስከፈተ። የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ምላሱ የለሰለሰ፣ ሰው ሁሉ «ይሄ ልጅ ከጅብ አፍ ሥጋ ያስጥላል» የሚለው ዓይነት። ሌሎቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ሳለ እሱ ከነጋዴ ደጅ ወደ ነጋዴ ደጅ ሲንከራተት የጫማው ሶል አለቀ። በስምንተኛው ቀን የፋሻ ክር የሚገዛ ሰው አገኘ። በዘጠነኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባና ወረቀት ይዞ ወጣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

«ማንም ቋሚ ሠራተኛ አይባረርም!» አለ። «እስከ በዓሉ ሁላችንም በሳምንት ሦስት ሦስት ቀን እንሠራለን፣ ግማሽ ደሞዝ እንበላለን። ከበዓሉ በኋላ እንደገና ንግግር አለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ምን እናድርግ!»

«ሌላስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሌላው ዝርዝር ነው።»

ዝርዝሩ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አንድም! ዘርፌ እንኳ፣ ያቺ እሳት የሆነች ሴት፣ አልጠየቀችም።

ማኅተም እንዲያደርግ ወረቀቱ ለይመር ተሰጠው። መነጽሩን አደረገና አነበበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው መስመር «የቀን ሠራተኞች በሙሉ ከነገ ጀምሮ ይሰናበታሉ» ይላል። ዐይኑ መስመሩን አየው፤ እጁ ግን ወረቀቱን ገለበጠው።

«ጨረሱት ጋሼ?» አለ ካሳው።

«ጨርሻለሁ» አለ ይመር።

ማኅተሙን መታ። መቶ ሃያ እጅ ወጣ። ሰው ተቃቀፈ፣ አለቀሰ፣ ዕልል አለ። ማኅበሩ ሲሰበሰብ ጠራጊዎች ውጭ ይጠብቃሉ፤ አባል አይደሉማ። ይመር በሩን ሲከፍት ኸዲጃ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ተስማማችሁ?» አለች።

«ተስማማን።»

«አልሐምዱሊላህ! እንኳን ደስ አላችሁ ጋሽ ይመር!» አለችና የረገጡትን ልትጠርግ ገባች። ንገራት፣ ንገራት አለው ልቡ። «በርቺ» ብሏት ወጣ። በርቺ! ይታያችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል መርጦ።

በማግስቱ ዘበኛው ሃያ ሁለቱን ከበር መለሳቸው። ረፋድ ላይ ኸዲጃ ይመርን አስጠራችው። በአጥሩ ቀዳዳ፣ ውሃ ታቀብልበት በነበረው፣ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት አሾለከችለት።

«ለተጀመረው ጋቢ የቀረው ክር ነው፤ ታጥቧል። ሦስት ልቃቂት ይጎድላል፤ ሳልጨርስ ስለመለሱኝ ነው። ለሌላ ሰው ንገሩ፣ ጋቢው እንዳያጥር።»

ይመር ከረጢቱን ተቀበለ።

«ጋሽ ይመር» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ትናንት ለምን አልነገሩኝም? እዚያው ስጠርግ ነበርኩኮ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። እኩያው ሰው ቢሰድበው ባልገደደው ነበር፤ የተቆጣ ሰው ቢመታው ደግሞ እሰየው ነው። እሷ ግን ክር እንዳይጎድልባቸው ነው የተጨነቀችው። ከረጢቱን ታቅፎ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ ተመለሰ። ቢሮ ገብቶ መሳቢያውን ሲከፍት ያ ወረቀት እዚያው አለ፤ ባለፈው ዓመት ሃያ ሁለቱ «አባል አድርጉን» ብለው በጣት አሻራቸው ያመለከቱበት። «ቆዩ፣ ጊዜው ይረጋጋ» ብሎ የከተተው እሱ ነበር። ሃያ ሁለት አውራ ጣት ቁጭ ብሎ አየው።

ይመር አፉን ከፈተ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ አራተኛውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። «አይቼው ነው የገለበጥኩት» አለ። «የምትበሉት ግማሽ እንጀራ የእነኸዲጃ ነው። ቀድሜ የበላሁት እኔ ነኝ።» የመሳቢያውንም ወረቀት አሳያቸው። ከዚያም የሥራ መልቀቂያውን ለሥራ አስኪያጁ አስገባና በእሱ ደሞዝ ሁለት የቀን ሠራተኞች እንዲመለሱ አደረገ። ዕጣ ተጣለ። የኸዲጃ ስም አልወጣም።

አዳራሹ ያን ዕለት ምን ሆነ መሰላችሁ? አንገቱን የደፋ ደፋ፣ የተቆጣ ተቆጣ። «ታዲያ እኛ እንባረር ነበር?» አለ አንዱ። «ከራስ በላይ ነፋስ!» አለ ሌላው፣ ግን ብሎት ሲያበቃ ራሱ አፈረ። ዘርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ «ውሃቸውን ጠጥቻለሁ» ብቻ አለች። ካሳው ግን ተነሣና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጋሼ፣ ይሄን ማኅተሙን ሳይመቱ ነበር ማለት» አለ። እውነቱን ነው። ይመርም እውነቱን እንደሆነ ያውቃል።

በዓሉ ደረሰ። ጋቢው አልቆ ሸማ መሥሪያው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ የሃያ ሁለቱ ውርወራ መሐሉ ላይ፣ ከመባረራቸው በፊት የወረወሩት፣ አለ። ሦስት ልቃቂት የጎደለውን የተካ ስላልነበረ ጫፉ አጥሯል። ሥራ አስኪያጁም መልእክት ልኳል፤ በማግስቱ ስለሚቀጥለው ውል ጋቢውን ከደረበው ሰው ጋር እነጋገራለሁ፣ ከሌላ ሰው ጋር አልነጋገርም ብሎ። የቀሩት ሃያዎቹ ተመልሰው ይገቡ እንደሆነ፣ ወይም ከቋሚዎቹ ደግሞ ማን እንደሚወጣ፣ የሚወሰነው በዚያ ሰው አፍ ነው።

ይመር ሥራ ቢለቅም ሽማግሌነቱን አልለቀቀም፤ ደርብ ብለው ጠሩት።

«ለዘርፌ!» አሉ ፈትል ክፍሎች። «እሷ ባታቆም ስድሳችን ዛሬ ጎዳና ላይ ነን። የሚፈሩትም እሷን ነው።»

«ለካሳው እንጂ!» አሉ ሽመናዎች። «በቁጣ ዳቦ አይገዛም። ገዢውን ያገኘ ማን ነው? ያስማማስ?»

«ለጋሽ ይመር» አለች አንዲት ልጅ ቀስ ብላ። «የራሳቸውን ነገር የሰጡ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቢዘገዩም።»

ዘርፌ «አልደርብም» አለች። «ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ለእነሱ ብዬ ነበር፤ ግን ከወጡ በኋላ ረሳኋቸው።» ካሳው ግን «እኔ ብደርበው እሠራበታለሁ» አለ። «ሌላው ደርቦ ከማፈር ያለፈ ምንም አይሠራበትም።» ይመር ለራሱ መደረብን አላሰበውም፤ ገና ስሙ ሲጠራ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ኸዲጃ ከወንዙ ማዶ አንድ ግንባታ ላይ አሸዋ ትሸከማለች። ባሬላውን ስታስቀምጥ ጠበቃትና ጋቢውን ዘረጋላት።

«ይሄ ያንቺ ነው እታለም። ክሩም ያንቺ፣ ድካሙም ያንቺ።»

ኸዲጃ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጫፉን ዳሰሰች፣ የራሷን ቋጠሮ እንደምታውቅ ሰው። «አጥሯል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ብደርበው ነገ ቢሮ ገብቼ እነጋገራለሁ?»

የአባልነት ማመልከቻው ከመሳቢያ ወጥቷል እንጂ አልጸደቀም፤ ይመር ባነበበው ቀን እጅ አውጡ ለማለት ደፍሮ አልነበረም፣ ሌላም ያለ ሰው የለም። ኸዲጃ እስካሁን አባል አይደለችም፤ ለንግግር ቢሮ የሚገባው ደግሞ አባል ብቻ ነው።

«አልገባም አይደል?» አለች። «ታዲያ ጋሽ ይመር፣ እፍረታችሁን ነዋ የምትደርቡልኝ። ይቅርብኝ፤ ብርዱ ይሻለኛል። ለሚነጋገርልን ሰው ደርቡለት።»

ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ባሬላውን ብድግ አድርጋ ሄደች። ይመር ጋቢውን ክንዱ ላይ ጥሎ ድልድዩን ተሻገረ። አዳራሹ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ዘርፌ ከግራ፣ ካሳው ከቀኝ። ማንም ዐይኑን አላነሣለትም፤ እሱም ወደ ግድግዳው አላየም። ጋቢውን በሁለት እጁ ዘረጋው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ በሉ ፍረዱ፤ ይመርን ግን አትጠይቁት፣ እሱ እስካሁን እጁን እንደዘረጋ ነው። ማሽን ላቆመችውና ውሃቸውን ጠጥታ ለረሳቻቸው፣ መቶ ሃያ ቤት አድኖ ሃያ ሁለቱን ለሸጠው፣ ወይስ ከመሸ እውነቱን ተናግሮ የራሱን ለሰጠው፣ ያ ጫፉ ያጠረ ጋቢ ነገ ለኸዲጃ እንዲናገርላት ለማን ይደረብ?