ለጠያቂ የሮጠው መልእክተኛ

አንድ የንጉሥ መልእክተኛ ነበር፤ ስሙ ላቀው። ቁልቁለት ሲሮጥ የታፋው የኋላ ጡንቻ ተበጠሰበትና መንገድ ላይ ወደቀ። ተሸክመው ወጌሻዋ ወይዘሮ ድንቅነሽ ዘንድ አመጡት።

ወይዘሮ ድንቅነሽ አርባ ዓመት ሰው ያሹ፣ ከእግር ይልቅ የእግሩ ባለቤት የሚያስቸግራቸው ሴት ናቸው። ጡንቻውን ዳብሰው አዩና «ስምንት ሳምንት» አሉት። «መጀመሪያ ታርፋለህ። ከዚያ ቀስ ብለህ ትራመዳለህ። ከዚያ ዳገት እየወጣህ ታጠነክረዋለህ። ሩጫ የመጨረሻው ነው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ እማማ» አለ።

መስማቱንስ ሰምቷል፤ ግን ጠያቂ መጣ። በዚያ አገር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም፤ ጠያቂም «ተሻለህ ወይ?» ሳይል አይቀመጥም። ላቀው ደግሞ «ገና ነኝ» ማለት ሞት መሰለው። በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርገው እንግዶቹን ሊሸኝ ተነሣና እስከ አጥሩ በር ሮጦ አሳያቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው ሄዱ። በማግስቱ እያነከሰ ወጌሻዋ ደጅ ቆመ።

እንደገና አሹት፤ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። በሁለተኛው ወር የሚስቱ አባት ሊጠይቁት መጡ። አሁንም ሮጠ፤ አሁንም ተበጠሰ።

«እኔ እኮ ሰው ነኝ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ድንቅነሽ። «የሰፋሁትን ትተረትራለህ! የማሸው ጡንቻህን ነው ወይስ ይሉኝታህን?»

በሦስተኛው ወር፣ ዳገት መውጣት በጀመረበት ሳምንት፣ ከቤተ መንግሥት አንድ ሹም እንደሚመጡ ተሰማ። ላቀው በቦታው መቆየት አለመቆየቱ የሚወሰነው በእሳቸው ቃል ነበር። ወጌሻዋ ከሹሙ ቀድመው ደረሱ።

«በሞቴ ልጄ! ‹ገና ነኝ› በላቸው። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ሹሙ ገብተው ተቀመጡና «እግርህ እንዴት ነው?» አሉ።

«ድኗል ጌታዬ! ይዩኝ!» ብሎ ላቀው ተፈተለከ። ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ታፋውን ይዞ ወደቀ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሹሙ ተነሥተው ወደ ወደቀበት ቀረቡ። «ንጉሡ የላኩኝ ‹ዓመትም ቢፈጅ እስኪድን ቦታው ይጠብቀው› ብለው ነበር» አሉ። «መታመም በማንም ይደርሳል። አንተ ግን እግርህ ገና መሆኑን እየነገረህ እኛን ‹ድኗል› አልከን። የገዛ እግሩን ቃል አጣሞ ለሚያደርስ ሰው የንጉሥን ቃል እንዴት እንስጠው?» ቦታው በዚያው ቀን ለሌላ ተሰጠ።

ይህን የሰማ ሁሉ በላቀው ይስቃል። ይሳቅበት! ግን ስንቶቻችን ነን ቁስላችን ሳይጠግግ ለጠያቂ ደስታ ስንል የምንሮጠው? ሰውነትም ልብም የሚድኑት በራሳቸው ጊዜ ነው፤ ተመልካች ስላጨበጨበ አንድ ቀን አይቀነስላቸውም። አልዳንኩም ብሎ መናገር ለአፍታ ያሳፍራል፤ ዳንኩ ብሎ መዋሸት ግን የቀረውንም ጤና ይወስዳል። እናንተስ፣ ዛሬ «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ላላችሁ ሰው የመለሳችሁት እውነቱን ነበር?