ስድብ ያልደረሰው ዝንጀሮ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያምጣ፣ ጆሮ የሌለው ዝምታውን ያምጣ። መሃል ላይ አቋርጦኝ «ይህን እኮ አውቀዋለሁ» የሚል ካለ ከአሁኑ ይናገርና ይውጣ። የለም? ጥሩ።

ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድንጋይ እንኳ ሲከፋው በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ተራራ ሥር የሚኖሩ አውሬዎች «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተባብለው ለሁለት ተከፍለው ይኖሩ ነበር። በመሃላቸው አንዲት ምንጭ አለች። ምንጯ ትንሽ ናት፤ በበጋ ለሁለቱም አትበቃም። ስለዚህ በየዓመቱ ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወታሉ። በቆልማማ እንጨት ሩሯን ይመታሉ፤ ሩር ማለት ያቺ ድቡልቡሏ የእንጨት ኳስ ናት። ሩሯን ቀድሞ ከባላጋራው ግብ ያስገባ ምንጯን እስከ ክረምት ይጠጣል። የተሸነፈው ቁልቁል ወርዶ አዞ ካለበት ወንዝ ይጠጣል። አዞ ደግሞ የተጠማ እንግዳ ይወዳል።

ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈው የተሸነፈውን ይሰድባል። በግጥም፣ ስም እየጠራ፣ አንድ በአንድ ይሰድባል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና አለቃውም ተሰድቦ ይስቃል። ሜዳው ላይ የዋለ ሁሉ ድርሻው ይደርሰዋል፤ ስድቡን ተቀብሎ፣ ስቆ፣ ከሌላው ጋር አብሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ያዙልኝ።

ታዲያ ላይ ቤት አንድ ዝንጀሮ ነበረ። መቺ ነው። የጠላነውን ሁሉ አይችልም አንልም፤ መቺ ነው። ሩሯን አንዴ ካገኛት የምትቆመው ግብ ውስጥ ነው። እርግጥ የላይ ቤትን ግብ የምትጠብቀው ሚዳቋ ናት፤ እሷ ቆማ ሩር አልፋት አታውቅም። ግን ለሚጠብቅ ማን ይዘፍናል? የሚዘፈነው ለሚመታ ነው። ያ ዘፈን በዝንጀሮ ጆሮ ገባ፣ ሆዱ ውስጥ ወረደ፣ እዚያው አበጠ።

የገና ጊዜ ሲቃረብ ዝንጀሮ ተነሥቶ በሁለቱ ቤት ድንበር ላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ። ፊቱን ወደ ታች ቤት፣ መቀመጫውን ወደ ላይ ቤት አዙሮ ተቀመጠ። ያን መላጣ መቀመጫ ታውቁታላችሁ። ላይ ቤት ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያይ ዋለ።

ድንጋዩ ጠየቀው፦ «ዝንጀሮ፣ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ምንም። አየር ልቀበል ነው።»

«አየርማ እዚያ ሰፈርህም አለ።»

«አንተ ድንጋይ ነህ፣ አይገባህም» አለ ዝንጀሮ።

ይህን ቁራ አየ። ቁራ ካየ እንግዲህ ማን ቀረ? በርሮ ላይ ቤት ዛፍ ላይ ዐረፈና «ሊሄድ ነው አሉ፣ ሊሄድ ነው አሉ» ማለት ጀመረ።

«ማን አለ?» አሉት።

«አሉ ነው እንጂ ማን እንዳለማ አላሉም።»

የላይ ቤት አለቃ አባ ጎሽ ናቸው። ቀንዳቸው ትልቅ፣ ጫንቃቸው ሰፊ፣ ልባቸው ግን የድንቢጥ። ይህን ሲሰሙ ወደ ድንጋዩ ሮጡ። «ልጄ፣ ምን አጎደልንብህ?»

«ኧረ ምንም፣ አባ። ብቻ ታች ቤት ፀሐይ የሚሞቁበት ለስላሳ መቀመጫ አላቸው ሲባል ሰማሁ።»

መጀመሪያ የመቀመጫዬን ያለችው ዝንጀሮ አክስቱ ሳትሆን አትቀርም። አባ ጎሽ ጧት ጧት ፀሐይ የሚሞቁበትን የገዛ ራሳቸውን ጠፍጣፋ አለት ለቀቁለት። ዝንጀሮም ወረደ። ላይ ቤት እፎይ አለ።

ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ድንጋዩ ላይ ወጣ። እንደገና ፊቱን ወደ ታች፣ መቀመጫውን ወደ ላይ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?» አለው ድንጋዩ።

«አየር ልቀበል ነው።»

«በደንብ ተቀበለው» አለ ድንጋዩ።

ቁራ «ሊሄድ ነው አሉ» አለ። አባ ጎሽ ሮጡ። በዚህኛው ጊዜ የተጠየቀው የሾላው ዛፍ ነው፤ ላይ ቤት ሁሉ የሚለቅመው ያው አንድ ሾላ። ሰጡት። ጃርቱ፣ ጥንቸሏ፣ ሌላውም ሁሉ ከዛፉ ሥር ቆመው ከላይ የሚጥለውን ልጣጭ ይለቅሙ ጀመር። ልጣጩን ሲለቅሙም «ያው መቺያችን አይደል» ይሉ ነበር። ሞኝነት ተላላፊ ነው፤ አትሳቁ፣ እናንተም ዘንድ ይደርሳል።

ታች ቤት የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። የታች ቤት አለቃ አያ ጅቦ ነው። እመት ኤሊ ጠየቀችው፦ «አያ ጅቦ፣ እውነት ዝንጀሮን ልናመጣው ነው?»

«ማንን? እሱን? ምን ላበላው?»

«ታዲያ ድንጋዩ ላይ ባየኸው ቁጥር ለምን ትስቅለታለህ?»

«ጎሽ እንዲያይ ነዋ» አለ አያ ጅቦ። «እኔ ጥርሴን ባሳየሁ ቁጥር እነሱ አንድ ነገር ይሰጡታል። እስቲ ትንሽ እንሳቅለት፤ ምን ይጎዳናል?»

ዝንጀሮ ሦስተኛ ጊዜ ድንጋዩ ላይ ወጣ። አባ ጎሽ ሮጠው መጡለት።

«አባ፣ በእኔና በሚዳቋ መካከል ምረጡ» አላቸው። «ባለፈው ሜዳ ላይ ሩሯን አንዳንዴ ለእኛም አቀብለን ብላኛለች። እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ። ታች ቤት እንዲህ የሚናገረኝ የለም።»

አባ ጎሽ ሚዳቋን አስጠሩ። ሚዳቋ በዚያ ሰሞን ወልዳ ነበር። ግልገሏ ገና እግሩ አልጠናም፤ እስከ ምንጯ ይደርሳል፣ ወንዙ ድረስ ግን አይወርድም፤ ቢወርድም ከአዞ አያመልጥም።

«አባ ጎሽ» አለች፣ «እኔ ከግቡ ከተነሣሁ ማን ይጠብቃል?»

«ዝንጀሮ ካለ ሩሯ እዚህ አትደርስም።»

«ዝንጀሮ ከሌለስ?»

«እንዲኖር ብለን አይደለም እንዴ አንቺን የምናስወጣሽ?»

ይህን ሲሉ አላፈሩም። አፍ የሰጠ አምላክ አንዳንዱን ምነው በነፈገው። ጭራሽ አደባባይ ወጥተው አወጁ፦ «ሚዳቋ ከዛሬ ጀምሮ ከጨዋታው ውጪ ናት። ሩሯን ብትነካ እንኳ አይቆጠርም።» ቁራ አዋጁን ትኩስ በትኩስ ታች ቤት አደረሰው። አያ ጅቦ በጣም ሳቀ።

የገና ዕለት ደረሰ። ሁለቱም ወገን ሜዳ ወጣ። ላይ ቤት ዞር ቢል ዝንጀሮ የለም። የት አለ? አትጠይቁኝ። ድንጋዩ ላይ ነዋ።

«ዝንጀሮ» አለው ድንጋዩ፣ «ዛሬ ጨዋታ ነው። ዛሬም አየር ነው?»

«ዛሬ ክብሬን ነው የምቀበለው» አለ። ቁራንም ላከው፦ «ላይ ቤት በሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ይለምነኝ። ያኔ እወርዳለሁ።»

በእኛ ዘንድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን የበደለ ነው፤ ደም ያፈሰሰ፣ አባት የሰደበ። እነዚህ ምን በድለው? መቀመጫ ሰጥተው፣ ሾላ ሰጥተው። ግን ተሸከሙ። አባ ጎሽ ትልቁን አነሡ፣ ጃርቱ መካከለኛውን፣ ጥንቸሏ ጠጠር ብጤ። «ጊዜ አይወስድም፣ ለምነን እንመለሳለን» ተባባሉ። እየተንገዳገዱ ወደ ድንበሩ ሄዱ፤ ግቡን ባዶውን ትተው።

ሩሯ በሜዳው መሃል ተቀምጣለች። እመት ኤሊ ጠጋ ብላ «አንቺ ሩር፣ እነዚያን እንጠብቅ እንዴ?» አለቻት።

«እኔ ማንንም ጠብቄ አላውቅም» አለች ሩሯ። «ለመታኝ እሄዳለሁ።»

ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ስትወጣ ጨዋታው ይጀመራል፤ ደንቡ ነው። ፀሐይ ወጣች። ኤሊ ሩሯን በአፍንጫዋ ገፋ አደረገቻት።

ላይ ቤት እዚያ ድንበሩ ላይ ተደፍቷል። «እባክህ ውረድ» አሉ።

«አልሰማሁም» አለ ዝንጀሮ።

ኤሊ ሩሯን ገፋች።

«እባክህ ውረድልን፣ ጌታችን» አሉ።

«ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁ አይሰማም» አለ ዝንጀሮ።

ኤሊ ገፋች። ዐረፈች። ደግሞ ገፋች። አያ ጅቦ አልሮጠም፤ ማን ያስሮጠዋል? ከኋላዋ እጁን አጣምሮ እየተንጎራደደ ይከተላታል።

ሚዳቋ ዳር ቆማ ይህን ታያለች። «አባ ጎሽ፣ ሩሯን ይዘው እየገቡ ነው፣ ተመለሱ» ብላ ጮኸች። አባ ጎሽ ከድንጋያቸው ሥር ሆነው «ዝም በይ፣ ሊወርድ ነው» አሏት። ሚዳቋ ግልገሏን አየች። ዘልላ ሜዳ ገባች፤ በሁለት ዝላይ ደርሳ ሩሯን ከግቡ አፍ ላይ በእግሯ መለሰቻት።

አያ ጅቦ ግን በትሕትና ጎንበስ አለ። «እኅቴ፣ ግሩም አድርገሽ መለስሻት። እኛ ቤት ብትሆኚ በጭንቅላታችን በተሸከምንሽ። ግን አለቃሽ ብትነካ አይቆጠርም ብለዋል። እኔ የአለቃሽን ቃል ልሻር?»

ታች ቤቶች ሩሯን አንሥተው ወደ ነበረችበት መለሷት። ሚዳቋ ቆማ ቀረች። ኤሊም ሩሯን አስገባቻት። ኤሊ ናት እንግዲህ ያገባችው። ኤሊ።

«ሦስተኛ ለምኑኝ» ይል ነበር ዝንጀሮ ያን ጊዜ።

እልልታው ሲሰማ ሁሉም የተሸከመውን ድንጋይ ጣለ። ታች ቤት ተሰልፎ መጣ፤ ስድቡ ተጀመረ።

«አባ ጎሽ ቀንዳሙ፣ ጫንቃቸው የሰፋ፣
ድንጋይ ሲሸከሙ ምንጫቸው ጠፋ።»

አባ ጎሽ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ፤ ደንቡ ነው። ቀጠሉ፦

«ጃርት ወስፌ ደርድሮ ጀርባው ላይ እያለ፣
ግቡ ሳይሰፋ እንዲሁ ክፍት ዋለ።»

ጃርቱም ሳቀ። ለጥንቸሏም ለጠጠሯ ደረሳት። ለሚዳቋ እንኳ፣ እያዘኑላትም ቢሆን፣ አንድ ስንኝ ወረወሩላት። ከዚያ ስድቡ አለቀ፤ ሰው ሁሉ ሊበተን ሆነ። ሰው አልኩ? አውሬው።

ዝንጀሮ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ «የእኔስ?» አለ።

«የአንተ ምን?» አለ አያ ጅቦ።

«ስድቤ።»

«ስድብማ ሜዳ ላይ ለዋለ ነው። አንተ የየትኛው ቤት ነህ?»

ዝንጀሮ ወደ ላይ ቤት ዞረ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ከድንጋዩ ወርዶ ወደ አያ ጅቦ ቀረበ። «የእናንተ ነኝ። ስታየኝ ትስቅልኝ አልነበር?»

አያ ጅቦ አዘነለት መሰል፣ ቀስ ብሎ ነው የመለሰለት። «ወንድሜ፣ ጅብ ሲስቅ አይተህ ነው ቤትህን የለቀቅከው? እኔ ሬሳ ሳይም እስቃለሁ።»

በዚያ በጋ ላይ ቤት ወንዝ ወረደ። ሚዳቋ ግልገሏን ይዛ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆማ ስታመነታ አባ ጎሽ መጡ። ተንበረከኩና ያን ድንጋይ የተሸከሙበትን ጫንቃ ሰጧት። ግልገሉ እዚያ ላይ ወጣ። እስከ ክረምት፣ ውኃ በተጠማ ቁጥር፣ አባ ጎሽ ተሸክመውት ወርደው፣ በአዞና በእሱ መካከል ቆመው አጠጥተው፣ ተሸክመውት ወጡ። ሚዳቋ ይቅር አለቻቸው ወይ? እሷን ጠይቋት። በሚቀጥለው ገና ግን ግቡ ላይ የቆመችው እሷ ናት።

ዝንጀሮስ? ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ላይ ቤት፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ቤት ያዞራል። ቁራም ሌላ ወሬ አግኝቶ ሄዷል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው ድንጋዩ።

«እስኪጠሩኝ።»

«እኔስ» አለ ድንጋዩ፣ «ድንጋይ ስለሆንኩ ነው እዚህ የምቀመጠው። አንተስ?»

በሁለት ቤት መካከል የተቀመጠ መቺ ስድብ እንኳ አይደርሰውም። እኔ ሩሬን መትቻለሁ፤ እንግዲህ እናንተ ዘንድ ናት።