በጆንያ ውስጥ የተሰበረ ማሰሮ

አንድ ሰው ከሚስቱ እናት ዘንድ ወጌሻነት ሊማር ገባ። ስሙ ይግዛው ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ አማት አስተማሪ ሲሆኑ ቀና ብሎ መጠየቅ እንኳ ያሳፍራል። እማማ አንጓች ግን የአገሩ ሁሉ ወጌሻ ነበሩ፤ ከበቅሎ የወደቀ፣ እግሩ የዞረ፣ ትከሻው የወለቀ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ደጅ ነው። አሁን አርጅተዋል፤ ጣቶቻቸው መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ከሳቸው ሌላ አጥንት የሚያቀና ሰው በአካባቢው የለም። ሴት ልጃቸው እንደሆነች የሰው ጩኸት ስትሰማ ራሷን ትስታለች፤ ስለዚህ የቀራቸው አማቻቸው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እማማ አንጓች አንድ ማሰሮ መሬት ላይ ከሰከሱና ስብርባሪውን ለቅመው ጆንያ ውስጥ ጨመሩት። «እጅህን አስገባና ሳታይ ግጠመው» አሉት። ይግዛው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ታገለ። በስንት መከራ የቱ ገል ከየቱ እንደሚገጥም ለየና ደስ አለው። ሊደግመው ሲል አማቱ ጆንያውን ወሰዱበት፤ ገሉን ደፍተው ሌላ ማሰሮ ሰበሩ።

ያንን ሲለምድ ደግሞ ሌላ። አንዳንዴ ሥራውን ጭራሽ ያስተዉትና ሊረሳው ሲል ይጠሩታል። እንዴት እንደሚያዝ ሲጠይቃቸው «ዳብሰው» ይሉታል፤ ሌላ ቃል የላቸውም።

ሰውየው ግራ ገባው። መጀመሪያ አማቱ የጃጁ መሰለው። ቀጥሎ የባሰ ሐሳብ መጣበት። አዋቂ ሙያውን ለሥጋው እንጂ ለባዳ አያወርስም ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። «እናትሽ እያስተማሩኝ ሳይሆን እያደናበሩኝ ነው» አላት ለሚስቱ። «አልሰጥህም እንዳይሉኝ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።» ሚስቱ «እናቴን ተዋት» አለችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይግዛው ከተጠራጠረ ወዲያ ብልጥ ሆነ። የአንዱን ማሰሮ ገል ደብቆ ወደ ቤቱ ወሰደ። ጠዋት ይገጥመዋል፤ ማታ ይገጥመዋል። ከጎረቤት ጋር እየተጫወተ፣ እየሳቀ፣ እጁ ብቻውን ይሠራል። «ይኸው፣ ያለሳቸው ቻልኩት» ብሎ ደረቱን ነፋ። እውነትም ያንን ማሰሮ እንደሱ የሚያውቀው አልነበረም። ወደ አማቱ መሄዱን ግን ነውር እንዳይሆንበት አልተወም፤ እዚያ ሲሄድ ያው መደናበር ነው።

አንድ ቀን እማማ አንጓች ከወንዝ ሲመለሱ አዳለጣቸውና ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ይግዛው ተጠርቶ ሲደርስ ክንዳቸው አብጧል፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል። ያ ክንድ ተጣሞ ከቀረ የተሰበረ የሚያቀና እጅ ከአገሩ ጠፋ ማለት ነው። ይሄን እሱም ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ይግዛው አማቱን በእጁ ነክቶ አያውቅም። እየፈራ እየተባ ያዛቸው። ጣቶቹ መጀመሪያ የፈለጉት ያንን ቤቱ ያስቀመጠውን ማሰሮ ነው። ያ የለም። በደንብ አውቀዋለሁ ያለው ሁሉ በአንዴ ከእጁ ወጣና ባዶውን ቀረ።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ አይደብቁኝ» አላቸው፤ እንባው መጣ። «እንዴት እንደሚደረግ ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ ከነሕመማቸው አፍጥጠው አዩት። «ምኑን ነው የምደብቅህ ልጄ? መናገር ብችል ይሄን ሁሉ ማሰሮ ለምን እፈጃለሁ? የሚያውቀው እጄ ነው፤ እሱም ይኸው ተሰብሯል። ዳብሰው።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንደማያውቀው ነገር ዳበሰው፤ ሌላ ምን ያድርግ። እዚህ ጋ ጠርዝ አለ። ይሄኛው ከዚህ አይገጥምም። ትንሽ ወደ ውጭ፣ አይ፣ አይደለም፣ መለስ። ግራ እየተጋባ ፈለገ፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ፈለገ። አማቱ አንዴ አቃሰቱ። ከዚያ ጠርዝ ከጠርዝ ሲገናኝ በጣቱ ተሰማው። በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፎ በጨርቅ አሰረላቸው።

ሲጨርስ እጁን እያየ ቁጭ አለ። «እማማ፣ አልዋሽዎትም፤ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁንም እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም።»

«እኔም ሰው በመጣ ቁጥር ግራ ይገባኛል» አሉት ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ግራ ሳይገባኝ፣ አውቀዋለሁ ብዬ የነካሁት አንድ ሰው አለ። እስከ ዛሬ ያነክሳል።»

ወዳጆቼ፣ አእምሯችን እንደዚህ ነው። አንዱን ነገር ብቻ ስናስደጋግመው ይመቸዋል፤ ሲመቸው ይተኛል፤ እኛም ምቾቱን እውቀት አድርገን ደረታችንን እንነፋለን። ያልለመደው ሲመጣበት፣ ረስቶ ሲፈልግ፣ ስቶ ሲመለስ ግን ይነቃል፤ ሙያ ከእጅ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ግራ የሚያጋባን ሁሉ አስተማሪያችን ነው አልልም፤ እንዲያው አደናጋሪም ሞልቷል። ይሁንና ስንቱን መልካም መምህር «ጠልቶኝ ነው፣ ደብቆኝ ነው» ብለን ትተነው ሄደናል?

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። በደንብ እናውቀዋለን በምትሉት ሙያ ለመጨረሻ ጊዜ ግራ የገባችሁ መቼ ነው?