ይታገሱን ያጠፋው እጅ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ብርቄ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እሳቸውም አራት የማይመሳሰሉ ልጆች ወልደዋል። ትልቁ ጋሹ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሁለተኛዋ ትርንጎ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ትሠራለች። ሦስተኛው አንተነህ ደሴ ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል። የመጨረሻው ይታገሱ ነው፤ እሱን ባሕር በልቶታል ይላል ሰው። እናቱ ግን እንደዚያ ብለው አያውቁም። እኔ ዳኛ አይደለሁም። የሆነውን እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን እናንተ ትጨቃጨቁበታላችሁ።

ይታገሱ በእናቱ ቤት፣ በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል፣ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ጌም ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። የሰፈሩ ጎረምሳ እዚያ ኳስ ሲጫወት ይውላል። ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ ይታገሱ ለራሱ ይጫወታል። በኳሱ ጌም ውስጥ ራሱን የሚመስል ተጫዋች ሠርቷል፤ ቁመቱን፣ ወጣ ያለ ግንባሩን፣ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ በግራ ቅንድቡ ላይ የቀረችውን ጠባሳ እንኳ አልረሳትም። ማልያው ላይ ስሙን ጻፈበት። ከትንሽ ክለብ አስጀምሮ ዓመት በዓመት እያሳደገ ከትልቅ ክለብ አደረሰው። ያ ሁሉ ድካም በማሽኑ ሆድ ውስጥ በአንድ ፋይል ተቀምጧል።

ከዚያ እሱ ራሱ በእግሩ ትልቅ ቦታ ልድረስ አለና በ2012 መስከረም ላይ በባቲ በኩል ወረደ። ጀልባ ከሚሳፈሩበት ከኦቦክ ወደብ አንድ ጊዜ ደወለ። «ጀልባው ነገ ነው እማ። ማሽኔን አትሽጡብኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማ የለም።

ጀልባዋ መስጠሟ ተወራ። የተረፈው ተረፈ፣ የሞተውን ግን ባሕሩ አላስረከበም። የሰፈሩ ቅሬ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር፣ ሽማግሌ ሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ መርዶ ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ ወይዘሮ ብርቄ ከውስጥ ሆነው፦ «ሬሳውን ያየ ካለ ይግባ፤ ያላየ ወደ ቤቱ ይሂድ» አሉ። ያየ አልነበረም። ተመለሱ።

እሳቸው ልጃቸውን የሚያዩበት ቦታ ነበራቸዋ! እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማሽኑ ይከፈታል። ተጫዋቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይታያል። ይተነፍሳል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተዛወረ ይቆማል፤ አንዳንዴ በእጁ ጀርባ ግንባሩን ይጠርጋል። ወይዘሮ ብርቄ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና «እንደምን ሰነበትክ» ይሉታል። የሳምንቱን ወሬ ያወሩለታል፤ ማን እንዳገባ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን አጥር እንደፈረሰ። ጎረቤት «ብርቄ አሻንጉሊት ታቅፋ ቀረች» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ፎቶግራፍ አይተነፍስም፣ መቃብር የለ፣ ታዲያ እናት የት ትሂድ?

ጋሹ ያደረገው እንዲህ ነው። ይታገሱ በሄደ በሦስተኛው ወር የማሽኑ የሰዓት ባትሪ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ቀን ይጠይቃል፤ ቀኑን ካልነገሩት ወደ ጨዋታው አያስገባም። ጋሹ ይህን ሲያይ እሑድን ለእናቱ ሰጠ። መኪናው ከየትም ይምጣ፣ እሑድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ይገኛል፤ አራት ዓመት ተኩል ሙሉ አንድም እሑድ አላጓደለም። አቧራውን ይጠርጋል፣ ያረጀ ገመድ ይቀይራል፣ ቀኑን ይሞላል። የመጀመሪያው ቀን ኅዳር ሃያ አንድ ነበር። «ቀኑን ስንት ልበለው እማ?» ሲል ጠየቀ።

«ስንት ይባላል ደግሞ! ዛሬ ጽዮን ማርያም አይደለችም? በእኛው አድርግልኝ። የእኔ ጾምና የልጄ ማሽን ቀናቸው አንድ ይሁን።»

ጋሹ ነገሩ ደስ አለው። ኅዳር 21 ቀን 2012 ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሞላው፤ ከዚያም ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያው። ጌሙ ሲዘጋ ያለበትን በራሱ ያስቀምጣል፤ ፋይሉ ላይም የዕለቱን ቀን ይጽፋል። ማሽኑ የነገሩትን ያምናል።

አንተነህ ያደረገው ደግሞ ይህን ነው። በ2016 ግንቦት ላይ ማሽኑ ደከመ። ሲያልቅ አያምር እንዲሉ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ይጋደማል፤ ተጫዋቹ አንዳንዴ መተንፈሱን ትቶ ድርቅ ይላል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርቄም አብረው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። አንተነህ ከደሴ መጥቶ ማሽኑን ፈታው፣ አየው፣ መልሶ ገጠመው።

«ይሄ ለሰኔ አይደርስም። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር እናዛውረው» አለ።

«ግልባጭ አንስተህ ዋናውን እዚሁ ብትተወውስ?» አለ ጋሹ።

«ጌሙ አይፈቅድም ወንድምዓለም። እንደ ቀበሌ መሸኛ ቁጠረው። እዚያ ሲመዘገብ ከዚህ ይሰረዛል፤ ሁለት ቀበሌ መኖር የለም።»

አንተነህ የሚሠራበትን የራሱን ኮምፒውተር ለእናቱ አመጣ። ገና ደሴ እያለ ጌሙ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አንድ ጊዜ ከፍቶ ሞክሮት ነበር። ጌሙም እንደ ልማዱ ስም የሌለው፣ መልኩ ገና ያልተበጀ ተጫዋች ሠራና ሁልጊዜ በሚጠቀምበት በዚያው የፋይል ስም አስቀመጠ። አንተነህ መሥራቱን አይቶ ዘጋው። ለማንም አልነገረም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለው።

ትርንጎ ያደረገችውን ስሙ። ዝውውሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጀመረ። የሚሄደው በኢንተርኔት ነው፤ በዚያ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ደግሞ አጥሩ ጥግ ብቻ ነው። ስለዚህ አንተነህ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ አጥሩ ጥግ ቆመ። ጋሹ ማሽኑ እንዳይግል ተንበርክኮ በሰፌድ ያራግባል። ወይዘሮ ብርቄ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከኮምፒውተሩ ፊት የቀረችው ትርንጎ ብቻ ናት። ግማሽ ያህል እንደሄደ አንድ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቅ አለ። በአንድ ስም ሁለት ፋይል ተገኝቷል፤ አንዱ የ2016፣ አንዱ የ2024፤ የትኛው ይቀመጥ? ያልተመረጠው ይሰረዛል።

«አንተነህ!» ብላ ጮኸች። «ና እስቲ፣ ጥያቄ አለው!»

«ከዚህ ከተንቀሳቀስኩ ይቋረጣል! ቶሎ በይ!» አላት ከውጭ።

ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። የፕላስቲክ ሽታ ሸተተ። ትርንጎ አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ በአንድ ስም ሁለት ፋይል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አታጣውም። ቢሆንም ዝም ብላ አልነካችም፤ አሰበች። ይታገሱ የወጣው በፈረንጅ 2019 ነው። 2016 የሚለው እንግዲህ ገና ልጅ ሆኖ የጀማመረው ይሆናል። እማ በየሳምንቱ የምታየው፣ ያደገው፣ የ2024ቱ ነው። ሒሳቧ ልክ ነበር። እንዲያውም ከዚያ የተሻለ ማንም አያሰላም። አዲሱን መረጠች። ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኾ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ኮምፒውተሩ ላይ ተጫዋች ወጣ። ነጭ ማልያ ለብሷል፤ ስም የለበትም። ጠባሳ የለውም። ግንባሩ የማንም ግንባር ነው። ግን ይተነፍሳል፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል፤ በእጁ ጀርባ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ቁርጥ እንደ ይታገሱ። ወይዘሮ ብርቄ ዳዊታቸውን አጥፈው ጠጋ አሉ።

«ማነው ይሄ?»

አንተነህ ስልኩን እንደያዘ ከአጥሩ ጥግ ሮጦ ገባ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ እንደገና።

አንተነህ እስከ ማግስቱ ፈለገ። ማሽኑን በረበረ፣ ኮምፒውተሩን በረበረ፣ የሚያውቃቸውን ባለሙያዎች ሁሉ ደውሎ ጠየቀ። ፋይሉ የለም። ያገኘው ነገር ቢኖር እንዴት እንደጠፋ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የ2016ቱ የእኛ 2016 ነበር፣ ይታገሱ ነበር። የ2024ቱ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ቀን የመዘገበው የእሱ ሙከራ ነበር። አልደበቀም፤ ወንድሙንና እህቱን እናቱ ፊት ሰብስቦ አንድ በአንድ ተናገረ። ወይዘሮ ብርቄ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ቅሬውን ጥሩልኝ» አሉ። «ይታገሱ ሞቷል።»

የቅሬው አባላት አንገራገሩ። «ለጌም ድንኳን ሊተከል ነው?» ያለም ነበር። የቅሬው ዳኛ ሙሔ አራጋው ግን ቆጣ ብለው፦ «ድንኳኑ አራት ዓመት ዘግይቷል፤ ትከሉ!» አሉ። ተተከለ። ወይዘሮ ብርቄ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀሙትን ለቅሶ አለቀሱ። እህል ግን ወደ አፋቸው አልዞረም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በሠልስቱ ዐይናቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ደግፈው አስቀመጧቸው።

«ብርቄ፣ እህል ያልቀመሰ ሐዘንተኛ የሞተውን ይከተላል። በይ ከልጆችሽ እጅ ቅመሺ» አሏቸው ሙሔ።

ወይዘሮ ብርቄ ቀና አሉ። «ልጄን አንዴ ባሕር ገደለብኝ። የሁለተኛው ገዳይ ግን ከቤቴ አላለፈም። ልጄን ካጠፋው እጅ እህል አልቀምስም፣ ማርያምን! ከሦስቱ ንጹሑን እጅ ንገሩኝና ከእሱ እቀምሳለሁ።»

ማርያምን ካሉ ወዲያ መመለስ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሦስቱ ልጆች መጡ። ጋሹ ፍትፍት ይዟል፣ ትርንጎ ገንፎ፣ አንተነህ አጥሚት በኩባያ።

«ባዶውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ አንተነህ። «ግን ሙከራ ነው፣ እማ፤ ማን ሙከራን ይፈራል? ባላዛውረውም ማሽኑ የዚያኑ ቀን ሞቷል። ይታገሱን ይዞት ይሄድ ነበር።»

«የነካሁት እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ እያለቀሰች። «ያየሁትን አምኜ ነው የነካሁት። አንዱ የቀኑን፣ አንዱ የባዶውን ቢነግረኝ ኖሮ ጣቴ ይቆረጥ ነበር እንጂ አልነካውም። ያልነገሩኝን ከየት ልወቀው?»

«ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ ጋሹ። «ባልሞላው ኖሮ ግን አራት ዓመት ተኩል ባላየሽው ነበር።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። ወይዘሮ ብርቄ ቀሪውን ጠበቁ። ቀሪውን የሚያውቁት እሱና እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያቺ የጽዮን ማርያም ቀን፣ ይህቺው ቤት፣ «በእኛው አድርግልኝ» ያለ የገዛ አፋቸው። አሁን ነው ትዝ ያላቸው። ጋሹ ያንን ቢናገር ራሱን ነጻ ያወጣል፤ የወንድሙና የእህቱም ሸክም ይቀልላል። እናቱን ግን ምን ያደርጋቸዋል? ጋሹ ፍትፍቱን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል።

ወይዘሮ ብርቄ ጉልበታቸው ላይ ያረፈችውን ቀኝ እጃቸውን አዩ። ሦስቱ ልጆች ምግቡን አስቀምጠው ቢወጡ፣ ድንኳኑ ባዶ ቢሆን፣ በዚች እጅ አንሥተው መጉረስ ከእንግዲህ አይችሉም፤ ምለዋል። እጃቸውን ቀስ አድርገው ነጠላው ውስጥ ደበቁ። ጋሹ አየ። አሁንም ምንም አላለም።

በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ተከፋፈለ። ሾፌሮቹ ከጋሹ ሌላ ንጹሕ የለም አሉ፤ ሌሎቹ፣ ዝም ያለ ሰው ምን ንጽሕና አለው አሉ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለትርንጎ ቆሙ። ጎረምሶቹ ለአንተነህ ተከራከሩ። አንዲት አሮጊት፣ ሦስቱም ንጹሕ ናቸው ብለው አለቀሱ፤ ሌላዋ፣ ሦስቱም አይደሉም አሉ። ሙሔ አራጋው በዳኝነት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈርድም አሉ። ገንፎው ቆዳ አበጀ፣ አጥሚቱ በረደ። የወይዘሮ ብርቄ ራስ እየከበደ ወደ ደረታቸው ዘንበል ይላል።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ጊዜ ግን የለም። ቀኑን ሞልቶ ምሥጢሩን የዋጠው ጋሹ፣ ባዶውን ሠርቶ ያልተናገረው አንተነህ፣ አስባ አስልታ የነካችው ትርንጎ፤ ከሦስቱ የማን እጅ ያቅምሳቸው?