በጾም የሚወፍረው ልጅ

ልጆቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። አስካለ ትባላለች፤ ከተማ ዳር ወተት ሸጣ የምታድር። ከባሏ ከደምሰው ጋር በአንዲት የፈረንጅ ላም ጀመሩ። ያቺ ላም በረከት ሆነችላቸው። ሌላ ተገዛች፤ ደግሞ ሌላ። በረቱ ሰፋ። ሰፈሩ ሁሉ "እነ አስካለማ አደጉ!" አለ።

እውነትም አድገዋል። ግን ላም በባዶ ሆዷ ትታለባለች እንዴ? ለፉርሽካው ወተት ይሸጣል። ለፋጉሎው ወተት ይሸጣል። የተረፈው ደግሞ ለሚቀጥለው ላም መግዣ ይሸጣል። የወተት ሰብሳቢው መኪና ጡሩምባውን በነፋ ቁጥር ሩጫ ነው።

"ትንሽ እንበርታ፤ አንዲት ላም እንጨምርና እናርፋለን" ይላል ደምሰው። ላሟ ትጨመራለች። ዕረፍቱስ? እሱ አልመጣም።

ይታገሱ የሚባል ትንሽ ልጅ ነበራቸው። ከፋሲካ በኋላ ልጁ ከሳ። ፀጉሩ ሳሳ፤ ጨዋታ ጠላ፤ ጥግ ይዞ ዝም። የልጅ ዝምታ እንዴት እንደሚያስፈራ እናቶች ታውቁታላችሁ። አስካለ ጠበል ወሰደችው። ጤና ጣቢያ ብትወስደው ክንዱን ለክተው "ምግብ አንሶታል" አሏት። ተቆጣች።

"የላም ቤት ልጅ ምን ጎድሎበት!" ብላ አዝላው ወጣች። ዓይን በልቶት ነው ብላ ደመደመች። ማታ ማታ ግን ትንፋሹን ስታዳምጥ ታድራለች።

አንድ ጠዋት ወተቱን ይዛ ስትወጣ ጎረቤቷ እትዬ ሽታዬ ልጁን ደጃፍ ላይ አየችው።

"አንቺ፣ ይሄ ልጅሽ ምን ጉድ ነው? ሰው በጾም ከስቶ በፍስክ ያገግማል። ያንቺው በሁዳዴ እንደ ሙክት ሰብቶ በፋሲካ ይከሳል!"

"ተይኝ እባክሽ እትዬ፣ አታሹፊብኝ።"

"ምን አሾፍኩ! አምናም እንዲሁ ነበር። መነኩሴ ነው መሰለኝ፣ ፍስክ አይስማማውም።"

ሽታዬ ሳቀች። አስካለ ግን ጀሪካኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

በሁዳዴ ማን ወተት ይገዛል? መኪናውም ይጠፋል። ወተቱ እቤት ይውላል፤ ቅቤው ይወጣል፤ እርጎውንም አሬራውንም ይታገሱ ይጠጣዋል። ጾሙ ሲፈታ ግን አገር ሁሉ ወተት ይፈልጋል፤ ከቤቷ አንዲት ጠብታ አትቀርም። የሰው ልጅ ሁሉ ሲፈስክ የሷ ልጅ ጾመኛ ሆነ!

በዚያው ዕለት ደምሰው እየፈነደቀ ገባ። "በአዲሷ ላም ዋጋ ተስማማሁ! ነገ ቀብድ እሰጣለሁ።"

"አንገዛም።"

"አበድሽ? ሰው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ!"

"ደምሰው፣ እነዚህን ሁሉ ላሞች ለማን ብለን ነው የገዛናቸው?"

"ለልጃችን ነዋ!"

"እንግዲያው ልጃችንን እየው።"

ደምሰው ዞር ብሎ አየ። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፏል፤ እንዲህ አይቶት ግን አያውቅም። ልጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ የመጀመሪያው ወተት ተፈልቶ ለይታገሱ ቀረበ። መኪናው ጡሩምባውን ነፋ፤ የሮጠም የለም። ከላሞቹም አንዷን ሸጡ፤ የመኖ ሩጫው ቀለለ። ክረምቱ ሳይገባ ይታገሱ ጥጃ ሲያባርር ወደቀና ሰፈሩን በጩኸት አናጋው። አስካለ ያን ድምፅ ስትሰማ እንባዋ መጣ። "ተመስገን! ድምፁ ተመለሰ!" አለች። በዚያ ሌሊት እስኪነጋ ተኛች።

ልጆቼ፣ ማደግ ኃጢአት ነው አላልኩም። ላምም ይኑራችሁ፣ ሱቅም ይኑራችሁ። ግን ቤታችሁ ሲሰፋ ማን ተመቸው? ሱቃችሁ ሲያድግ እናንተ እንቅልፍ አገኛችሁ? ከተማችን ፎቅ በፎቅ ሆነ ሲባል እኔም ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳስ ወዴት ሄደ? "ስንት ጨመርን?" እያልን ስንኖር "እንዴት ሰነበታችሁ?" የሚለን ማነው?

እግዚአብሔር በረከቱን የሰጠን እንድንኖርበት ነው። እንግዲህ ዛሬ ስትገቡ፣ ነገ ስለምትጨምሩት ከማውራታችሁ በፊት የቤታችሁን ሰው ፊት ቀና ብላችሁ እዩ። የከሳ ካለ አትደንግጡ። በእጃችሁ ያለው ይበቃዋል፤ ደግሞም ገና አልመሸም።