ጥርስ ነቃዩ ያመጣው ምስክር

አንድ ጥርስ ነቃይ ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ፣ አገሩም ደጋማ የማር አገር። እዚያ አገር ሕፃኑ ጡት ሳይጥል ማር ይልሳል፤ ሽማግሌውም ማር ሳይልስ አይተኛም። ስለዚህ አያ ቢያድግልኝ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጉጠቱን እንደ ጎራዴ ከወገቡ ሽጦ ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። ለፊት ጥርስ ዶሮ፣ ለመንጋጋ ጠቦት ይቀበላል። መንደሩ "ወይኔ ጥርሴን!" ባለ ቁጥር የእሱ ደጅ "ባ!" ይላል።

ታዲያ አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አንድ የውሃ ጠቢብ በዚያ አለፈ። የምንጩን ውሃ መረመረ፣ የሰዉንም አፍ እያስከፈተ አየ። ከዚያ ለጭቃ ሹሙ እንዲህ አላቸው፦ "ውሃችሁ ንጹሕ ነው፤ ግን ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በጣም ያንሰዋል። ሰዉ በሚቀዳበት ገንዳ ላይ በልኩ ብትጨምሩ የልጆቻችሁ ጥርስ ይጠነክራል።" ማዕድኑ የሚገዛበትን ነገራቸው፤ ልኩንም በትንሽ ማንኪያ ሰፍሮ አሳያቸውና ማንኪያውን ትቶላቸው መንገዱን ቀጠለ።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ጣፋጭ በበላን ቁጥር አፋችን ውስጥ የሚኖሩ፣ ለዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ ደግሞ፣ ዝናብ የጭቃ ግድግዳን እንደሚያጥበው፣ የጥርስን ልባስ ጥቂት በጥቂት ይሸረሽረዋል። ፍሎራይድ እንደ ጎበዝ መራጊ ነው፤ ግድግዳው ሳይፈርስ ቀድሞ እየደረሰ የተሸረሸረውን ይለስናል። የፈረሰውን ግን መልሶ አያቆምም።

ወሬው አያ ቢያድግልኝ ጆሮ ሲደርስ ጉጠቱን ከወገቡ መዝዞ ትክ ብሎ አየው። "ሰው ጥርሱን ካላመመው እኔ ምን ልበላ ነው? ጉጠቴን?"

መንደሩ ስለ ውሃው ሊመክር በተቀጠረበት ቀን እየተብሰለሰለ ገበያ ወጣ። እዚያም ገልገሎ የሚባል የቆላ ጨው ነጋዴ አገኘ። ገልገሎ ሲስቅ ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር የዛገ ብረት ይመስላል።

"ወንድሜ፣ ጥርስህን ምን ነካው?"

"ውሃችን ነዋ! ያ ፍሎራይድ የሚሉት በእኛ ጉድጓድ ሞልቶ ተርፏል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠጣው ነው የኖርነው።"

አያ ቢያድግልኝ ከደስታው ብዛት ሊስመው ምንም አልቀረው። "በል ተከተለኝ! ምሳ እጋብዝሃለሁ። ሥራህ አፍህን መክፈት ብቻ ነው።"

"ለምሳ ከሆነ ድሮስ ልዘጋው ኖሯል?" አለና ገልገሎ ተከተለው።

ሰዉ ከወይራው ሥር ተሰብስቧል። አያ ቢያድግልኝ እንግዳውን መሐል አቁሞ አገጩን ያዘና "ክፈት!" አለው። ገልገሎ ከፈተ። እመት ዘርፌ የተባሉ አሮጊት "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ።

"አያችሁ? ይኼ ነው ገንዳችሁ ላይ ሊጨመር የታሰበው! ሴት ልጆቻችሁን ማን ሊያገባቸው ነው? ወንዶቹስ ስቀው ማንን ሊያማልሉ ነው?" እያለ ንግግሩን ቀጠለ። ቀጠለ፣ ቀጠለ፤ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የምሳው ነገር ወሬውም የለ።

ገልገሎ ረሃቡ ሲጠናበት ከአቁማዳው አንድ እፍኝ ቆሎ አውጥቶ መቆርጠም ጀመረ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

በዚያ መንደር ቆሎ ተቆርጥሞ አያውቅም፤ ተፈጭቶ በሶ ሆኖ ነው የሚበላው። ሰዉ ሁሉ ንግግሩን ትቶ የገልገሎን ጉንጭ እያየ ምራቁን ዋጠ።

"የእኔ ልጅ፣ የያዝከው ቆሎ ነው?" አሉት እመት ዘርፌ።

"አዎ እናቴ፣ የገብስ ቆሎ።"

"ሳይፈጭ?"

"ቆሎ ይፈጫል እንዴ?"

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

"ስድሳ ሁለት።"

"ስንት ጥርስ ተነቅሎልሃል?"

"ጥርስ ይነቀላል እንዴ?"

ይህን ጊዜ መንደርተኛው በአንድነት ዞሮ አያ ቢያድግልኝን አየው። እሱ ደግሞ ወይራውን አየ።

"በቃ፣ በጆንያ ይምጣልን!" ብለው ጭቃ ሹሙ ተነሡ። "ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው ይብስ ይጠቅማል! ገንዳው ይሙላ!" ሰዉም "ይሙላ!" አለ።

ገልገሎ የያዘውን ቆሎ መልሶ አስቀመጠ። "ኧረ ተው! ታላቅ ወንድሜ ከእኔ የባሰውን ጉድጓድ ነበር የሚጠጣው። ዛሬ አንገቱ አይዞርም፤ ሰላም ስትለው መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞርልህ። እግሩም እንደ ቀስት ጎብጧል። እኛ በቀነሰልን ብለን ፈጣሪን እንለምናለን፣ እናንተ በጆንያ ትላላችሁ? የማር አገር ሰው ሆናችሁ ማርም ሲበዛ እንደሚመር ጠፋችሁ?"

ሰዉ አፈረ። ጭቃ ሹሙም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሺ፣ ጠቢቡ ባሳየን ማንኪያ ይሁን። እኔው እሰፍረዋለሁ" አሉ።

"አንተማ ይቅርብህ!" አሉ እመት ዘርፌ። "በልጅህ ሠርግ ወጡ ላይ ጨው የጨመርክ ዕለት ሰዉ ሲጠጣ ሲጠጣ ምንጩ ሊደርቅ ነበር። ቢያድግልኝ ይስፈረው!"

ሳቅ ሆነ። እመት ዘርፌ ግን አልሳቁም። "ምን ያስቃችኋል? ሰው የጠላውን ነገር አትርፎ አይሰፍርም።"

"ቢያጎድልብንስ?" አለ ከሰዉ አንዱ።

"እሱንም አስቤዋለሁ። እስከ ዛሬ ለወለቀ ጥርስ ከፈልን፤ ሲወልቅ ኖረ። ከእንግዲህ ላልወለቀው እንክፈል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ጥርሴን ሳይል የከረመ ቤት ሁሉ ለቢያድግልኝ አንድ ቁና ገብስ ይስፈርለት።"

አያ ቢያድግልኝ በመንደሩ ያሉትን ጎጆዎች በዓይኑ ዞረባቸው። ጉጠቱን ከወገቡ ፈታ፣ አገላብጦ አየው፣ ጉሮሮውንም ጠረገ። "እኔ እንኳ... ከውሃው ጋር ጠብ አልነበረኝም" አለ።

"ምሳውስ?" አለ ገልገሎ።

ከዚያ በኋላ እንደ አያ ቢያድግልኝ ያለ ጥብቅ ሰፋሪ አልታየም። ማንኪያውን በጣቱ ጠርጎ ያስተካክላል፤ አንዲት ቅንጣት አይጨምር፣ አንዲት ቅንጣት አይቀንስ። ልጅ ማር ሲልስ ካየ "ና አንተ! አፍህን ተጉመጥምጠሃል? መፋቂያህስ የታል? ገብሴን ልታስቀርብኝ ነው?" ይላል። የወለቀው ጥርስ ተመልሶ አልበቀለም፣ ሁሉም ልጅ ከሕመም አልዳነም፤ ግን "ወይኔ ጥርሴን!" የሚለው ጩኸት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። ጉጠቱም የጋለ ድስት ማውጫ ሆነ።

ገብሱ ሲገባለት ቆሎ ያስቆላል። ለራሱ ግን የቀሩት አራት ጥርሶች ብቻ ናቸው፤ እሱም የማር አገር ልጅ ነዋ። ስለዚህ የሠፈሩን ልጆች ይጠራና ያዘግናቸዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

"አያ፣ እርስዎስ አይበሉም?" ሲሉት፣

"ዝም ብላችሁ ቆርጥሙ፤ እኔ በጆሮዬ እየበላሁ ነው" ይላቸዋል።

ወዳጆቼ፣ ጠቃሚ ነገር ሁሉ ልክ አለው፤ ሲጎድል ያሳጣል፣ ሲበዛ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከማዕድኑ ይልቅ ማንኪያውን የሚጠብቅ ሰው ይበልጣል። ደግሞም ሰው እንጀራው ያለበትን ነገር ሲያበዛ ይኖራል፤ እንጀራው ሕመም ውስጥ ከሆነ ሕመም አይጠፋም። እስቲ እያንዳንዳችን በየቤታችን እንጠይቅ፦ ቁናችንን የምንሰፍረው ለነቃዩ ነው ወይስ ለጠባቂው?