የተመለሰው ጉርሻ

በአንድ ወቅት፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ፣ አንገቷን ለማንም ደፍታ የማታውቅ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። አገር ያልቻላትን ሴት የገዛ ጉሮሮዋ ቻላት። ከታች፣ እህል ወደ ሆድ በሚገባበት በር ላይ ጡንቻው ጨምድዶ ያዘና አልከፈትም አለ። የበላችው ደረቷ ላይ ተቀምጦ ይውልና እንዳለ ይመለሳል፤ ኋላማ ውሃውም አልወርድ አለ። ለማንም አልተናገረችም። ኩሩ ሰው በሽታውን እንደ ሰረቀው ዕቃ ነው የሚደብቀው።

በወንድሟ ልጅ ሰርግ ላይ የወንድሟ ሚስት ሙጪት ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» አለቻት። ይርገዱ እንቢ ማለት ነውር ሆኖባት ጎረሰች። ጉርሻውም ሙሽሮቹ ፊት ተመልሶ በሙጪት ቀሚስ ላይ ዝርግፍ አለ።

«እጄን ተጸየፈችው» አለች ሙጪት።

መታመሟን ማን ጠየቀ? ከዚያች ቀን ጀምሮ አገሩ «ጉርሻ መላሿ» አላት። ይርገዱም ማለች፦ «ከእንግዲህ ከሰው እጅ አልጎርስም። ከዚህ ነገር ከተረፍኩ ብቻ፣ በልጄ ሰርግ ቀን፣ ካተረፈኝ ሰው እጅ አንዲት ጉርሻ እጎርሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ከማንም።»

ልጇ ጥሩዬ ያኔ ታጭታ ነበር። እናቷ አጥንቷ ብቻ ሲቀር አይታ እጮኛዋን «ጠብቀኝ» አለችው፤ አልጠበቃትም። አራት ዓመት ሙሉ አጥሚት በስስ ጨርቅ እያጠለለች፣ በማንኪያ ጠብ እያደረገች፣ ሲመለስ እየጠረገች አኖረቻት። ጥሩዬ ባትኖር ይርገዱ በሁለተኛው ዓመት አፈር ለብሳ ነበር። ይህ እውነት ነው። ጥሩዬ በየማንኪያው መሐል «አንቺን ባላስታምም ይሄኔ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ» ትል ነበር፤ ይህም እውነት ነው። እንዲህ ያለ አጥሚት ጤነኛ ጉሮሮም አያወርደው።

ከዚያ ዶክተር ስንሻው መጣ። ሌሎቹ ሐኪሞች «ካልተቀደደች አትድንም» ብለው ነበር። እሱ ግን «ቆዳዋን ቢላ አይነካውም» አለ። አስተኛትና በአፏ በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ እምቢ ያለውን ጡንቻ ከውስጥ ሰነጠቀው። ሳምንት ሳይሞላ ይርገዱ በሶ ጠጥታ አለቀሰች። እሱ ባይኖር በሩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው። ሲሸኛት አንድ እግሩ ደጅ ሆኖ «በየዓመቱ ይምጡ» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ ወረፋው ረጅም ነበር። እሷም «የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?» ብላ ቀረች።

የተከፈተ በር ደግሞ ለሚገባውም ለሚወጣውም ነው። በሩ በተከፈተ በስድስተኛው ዓመት ቃር ጀመራት። ከሆዷ እሳት እየተነሳ ደረቷን ይለበልባታል፣ ጋደም ስትል ያስላታል። «ጉርሻ መላሿ አገረሸባት» እንዳይባል ጥርሷን ነክሳ ዝም። ጥሩዬ አላየችም። ሙጪት ግን አየች። ወዳጅ ይዘናጋል፤ ጠላት መቼ ይዘናጋል? በማኅበር በተቀመጡ ቁጥር ይርገዱ በገዛ እጇ ስንቴ እንደጎረሰች፣ ስንቴ ደረቷን እንደያዘች ትቆጥር ነበር። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ መሐል ብድግ አለች።

«ይቺ ሴት ውስጧ እየነደደ ነው። ኩራቷ ሊገድላት ነው። ጎትታችሁ ውሰዷት።»

ይርገዱ በኀፍረት መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት በወደደች። ሽማግሌዎች ግን ይዘዋት ሄዱ። ዶክተሩ በቱቦው ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። በሩ ክፍት ነው፤ የእህል ቧንቧዋ ግን ከሆዷ በሚወጣው አሲድ ቆስሏል። «ትንሽ ቢቆይ ጠባሳው መልሶ ይዘጋው ነበር» አለ። ኪኒን አዘዘላት፣ የአልጋዋን ራስጌ በጡብ ከፍ አስደረገ፣ በልታ ወዲያው እንዳትተኛ ከለከላት። ቁስሉ ሻረ።

በሩ በተከፈተ በአሥረኛው ዓመት ጥሩዬ ባል አገባች። መሐላዋን አገር ሰምቶት ነበርና፣ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ይርገዱ ፊት ሦስት እጆች፣ ሦስት ጉርሻ ይዘው ቆሙ።

«እማዬ፣ ከእኔ እጅ ነው የኖርሽው» አለች ሙሽራዋ።

«እማማ፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሲገባ ልየው» አለ ዶክተሩ።

ሙጪት እንደ ጥንቱ ጡጫ የሚያህለውን ይዛለች። «ያን ቀን የወደቀው የኔ ነው» አለች። «የቀሚሴ እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

የይርገዱ ደም ፈላ። «ጉሮሮዬ የአባታችሁ ርስት ነው የምትካፈሉት? አንቺ በየማንኪያው ባል ቆጠርሽብኝ። አንተ እግዜር የተካነ እጅ ሰጥቶህ፣ ሁለት ቃል ለመጨመር ጊዜ አጣህ። አንቺ ደግሞ ያዳንሽኝ ልታዋርጂኝ ስትነሺ ነው።»

«ታዲያ አልዳንሽም?» አለች ሙጪት።

ይርገዱ ሦስቱን ጉርሻዎች ተራ በተራ አየች። ሙጪትን ብትመልስ ከወንድሟ ቤት ጋር ዳግም ላትተያይ ነው። ልጇን ብታልፍ፣ ሙሽራ በሰርጓ ቀን ልታለቅስ ነው። ዶክተሩን ብትተው፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሳይሆን ሙሉ እጁን ይዞ ሊመለስ ነው። መሐላው ደግሞ የአንዲት ጉርሻ ነው።

አፏን ከፈተች። ሦስቱም እጆች ቀረቡ።

እንግዲህ እናንተ የሰው ጉሮሮ ላይ መፍረድ የምትወዱ፣ ፍረዱ። አንዷ እያማረረች አኖረቻት፣ አንዱ ከፍቶ ረሳት፣ አንዷ ሳትወዳት አተረፈቻት። ጉርሻው ለማን ይገባል?